ቁጥሩ ደህና ነው

ተናኘ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ባለ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። የሥራ መደቧ ፒኤስደብሊው ይባላል። ስሙ ይርዘም እንጂ ነገሩ አዛውንት ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የየሰዉን ሙቀትና የኦክስጅን ልክ ወስዳ ቻርት ላይ ታሰፍራለች። ከእሷ በላይ ነርሶቹ አሉ፤ ከነርሶቹ በላይ ማኔጀሯ፤ ዶክተሩ በሳምንት ሁለቴ ብቅ ይላል። ከእሷ በታች ማንም የለም። ይህን ስትናገር ግን ምሬት የለባትም። «እነሱ ከኮምፒውተር ጋር ይውላሉ፤ እኔ ከሰው ገላ ጋር» ትላለች።

የሰው ገላ ማንበብን የተማረችው ቶሮንቶ አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ድንበር ተሻግራ ሱዳን ስትገባ፣ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው የስደተኞች ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ አቶ ዑራኤል የሚባሉ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ። መጀመሪያ የቀጠሯት ውሃ እንድታመላልስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ሰጧትና አንድ ሕፃን አጠገብ አስቀመጧት።

«ደረቱን እያየሽ ቁጠሪ» አሏት። «ትንፋሽ አይዋሽም። የእኛ ሰው አየር ሲያንሰው ፊቱ ላይ ቶሎ አይታወቅም። ከንፈሩን ገልበጥ አድርገሽ ድዱን እዪ፤ ምላሱን እዪ። አመድ ከመሰለ ሩጪና ጥሪኝ።»

ከእሳቸው ጋር አራት ዓመት ሠራች። ካናዳ ስትገባ ግን ያ ሁሉ እውቀት ወረቀት አልነበረውምና የጠየቃትም ሰው አልነበረም። ሆቴል ገብታ አልጋ ስታነጥፍ ቆየች፤ በኋላ ኮርስ ወስዳ መጦሪያ ቤቱ ተቀጠረች።

በኮቪድ የመጀመሪያው ሚያዝያ እማማ ጸሐይወርቅ የሚባሉ የአገሯ ሰው ፎቁ ላይ ነበሩ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አፋቸውም ጆሯቸውም ተናኘ ነበረች። ልጃቸው ገረመው በየእሑዱ ይመጣ ነበር፤ በሩ ለጠያቂ ሲዘጋ በመስኮት በኩል እጁን እያውለበለበ ይመለስ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት የእማማ ትንፋሽ አጠረ። ተናኘ መለኪያዋን፣ ያቺን ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትነክሰውን፣ ጣታቸው ላይ ብታደርግ ዘጠና አምስት አለች። ድዳቸውን አየች። ደስ አላላትም። ለተረኛዋ ነርስ ነገረቻት። ነርሷም ቁጥሩን አይታ «ቁጥሩ ደህና ነው፤ ፍርሃት ይሆናል» አለቻት። የዚያን ቀን ፎቁ ላይ አሥራ ስድስት ሰው ታሟል፤ ሥራ ላይ የነበሩት ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ተናኘ የእማማን ትራስ ከፍ አድርጋ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። ከምሳ በኋላ ስትመለስ እማማ ጸሐይወርቅ አልፈዋል።

«በሽታው ነው» አሏት። እሷም ለራሷ በሽታው ነው አለች። ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እንዲህ ስትል ኖረች፤ ልቧ ግን አንድም ቀን አምኖላት አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ነው ሚስተር ሊዮ የመጡት። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከጃማይካ መጥተው ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ሲቀቡ የኖሩ፣ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ቆዳቸው ጥቁር፣ ቁመታቸው አልጋ የማይበቃው፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ። ሸሚዝ ስታለብሳቸው የቀለሙን ዓይነት ይነግሯታል። «ይኼ ሰማያዊ አይምሰልሽ፤ ውስጡ አረንጓዴ አለበት» ይሏታል። እሷ ግን አረንጓዴው አንድም ቀን ታይቷት አያውቅም፤ ብቻ እሺ ትላለች።

በጥር ወር ፎቁ ላይ ጉንፋን ገባ። አንድ ማክሰኞ የቁርስ ሳህን ስታነሳ ሚስተር ሊዮ ምንም አልበሉም፤ ምንም አልተናገሩም። ዝምታቸው አስደነገጣት። መለኪያዋን ጣታቸው ላይ አደረገች፤ ዘጠና አራት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ከዘጠና ሁለት በታች ከሆነ ለዶክተር ይደወል» ይላል። ተናኘ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረታቸውን እያየች ቆጠረች። ሠላሳ ሁለት፤ ከሃያ ማለፍ አልነበረበትም። «ሚስተር ሊዮ፣ ይፍቀዱልኝ» ብላ የታችኛውን ከንፈራቸውን ገልበጥ አደረገች። ድዳቸው አመድ መስሏል።

የዚያን ቀን ተረኛው ነርስ ሳሙኤል ነበር። ሳሙኤል የጋና ልጅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፤ ትጉህ፣ ሰው አክባሪ። ተናኘንም «አንቲ» እያለ ነው የሚጠራት። ሮጣ ሄዳ ነገረችው። መጥቶ አያቸውና ሌላ መለኪያ አምጥቶ ሞከረ። አሁንም ዘጠና አራት።

«ደህና ናቸው፣ አንቲ። እየተከታተልሽ ንገሪኝ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳ ሄደች። «ሠላሳ አራት ሆኗል ትንፋሻቸው። አንገታቸው ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።»

«ኦክስጅኑስ?»

«ዘጠና ሦስት።»

«ከዘጠና ሁለት በላይ ነው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሳሙኤልን በሁለት ስልክ መሀል ተወጥሮ አገኘችው። ድምፁ ከረር አለ። «አንቲ ተናኘ፣ ቁጥሩ ደህና ነው። ዘጠና ሦስት ብዬ ለዶክተሩ ኮል ባደርግ ምን ይለኛል? ይኼ ደግሞ የአንቺ ሥራ አይደለም።»

ተናኘ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እማማ ጸሐይወርቅ ያረፉባት ክፍል በስተግራዋ ነበረች፤ አሁን ሌላ ሰው ይኖርባታል። እግሯ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሊወስዳት ሲል እንቢ አለችው። ወደ ሚስተር ሊዮ ተመለሰች። ከራስጌያቸው ባለው ሰሌዳ ላይ የልጃቸው የኢቮን ስልክ ተጽፏል። ለቤተሰብ መደወል የነርስ ሥራ ነው፤ ደንቡን ሃያ ሦስት ዓመት ታውቀዋለች። ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«ኢቮን፣ እኔ ተናኘ ነኝ፤ አባትሽን የማጥበው። ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ቁጥራቸው ደህና ነው ይላሉ፤ እኔ ደህና አይደሉም እላለሁ። ናይን ዋን ዋን ደውዪ።»

ኢቮን አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻትም። አምቡላንሱ ሲመጣ የሚስተር ሊዮ መለኪያ አሁንም ዘጠና ሦስት ይል ነበር። ሆስፒታል ደርሰው ከእጅ አንጓቸው ደም ተቀድቶ ሲመረመር ግን እውነተኛው ልክ ሰማንያ አራት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ሳንባቸው ተይዞ ነበር። ሐኪሙ ለኢቮን እንደነገራት እስከ ማታ ቢቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ተኝተው ዳኑ።

ዓርብ ዕለት ማኔጀሯ ተናኘን ቢሮ አስጠራቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በኮቪድ ጊዜ ከሠራተኛው ጋር እኩል ስትሠራ ተናኘ በዓይኗ አይታለች። አሁን ግን ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ ተዘርግቷል።

«ሚስተር ሊዮ በመትረፋቸው እግዚአብሔር ያውቃል ደስ ብሎኛል። ግን እያንዳንዱ ፒኤስደብሊው የመሰለውን እየደወለ ለቤተሰብ ቢናገር ይህ ቤት እንዴት ይመራል?»

«የመሰለኝን አይደለም የደወልኩት» አለች ተናኘ። «ያየሁትን ነው።»

«ነርሱን አልፈሽ ሄድሽ።»

«ሦስቴ ነገርኩት።»

ደብዳቤው የሦስት ቀን እገዳ ነበር፤ ከሥራ ወሰን ውጪ በመሥራትና ያለ ፈቃድ ለቤተሰብ በመናገር። የዩኒየኑ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተወካይ ወደ ጎን ወስዶ መከራት። የይቅርታ ቃል የሰፈረባት አንዲት ወረቀት ብትፈርም ደብዳቤው በዓመቱ ከፋይሏ ይወጣል፤ ነገሩ ሳይካረር ያልቃል። «ጡረታሽ ደርሷል፣ ምን አስጨነቀሽ?» አላት። ተናኘ አስብበታለሁ ብላ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በእገዳው ሁለተኛ ቀን፣ ከምትኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ልብስ ስታጥብ፣ የጎረቤቷ የኩልሱም ልጅ ሀፍሳ ዘምቢሏን ተሸክማ ገባች። ሀፍሳ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ መተንፈስ ያቃታቸውን ሰዎች የሚረዳ ባለሙያ ሆና ትሠራለች። አማርኛዋ ግማሽ በግማሽ ነው፤ አክብሮቷ ግን ሙሉ።

«እትዬ ተናኘ፣ ዛሬ ዎርክ የለዎትም እንዴ?»

ተናኘ ለማንም ያልነገረችውን ለዚህች ልጅ ነገረቻት። ዘጠና አራቱን፣ ሰማንያ አራቱን፣ ደብዳቤውን። ሀፍሳ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«ሰውየው ብላክ ናቸው አይደል?»

«አዎ። ምነው?»

«ይኼ እኮ የታወቀ ነገር ነው፣ እትዬ ተናኘ። መለኪያዋ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፋ ነው የምታነበው። ስኪኑ ጠቆር ሲል ብርሃኑን ይይዘዋል፤ እሷም ትሳሳታለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ስትሳሳት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ነው። ሰውየው አየር እያነሰው ደህና ነው ትላለች።»

«ይህ መቼ ታወቀ?»

«ሪሰርቹ ድሮ ነው የተጻፈው። እኔ ሳልወለድ።»

ተናኘ የምታጥፈው አንሶላ በእጇ እንዳለ ቀረ። ልብስ ማጠቢያው ይዞራል፤ እሷ አትሰማውም። በሕፃንነቷ አዝላ ያሳደገቻት ይህች ልጅ ሳትወለድ የታወቀ ነገር፣ በየቀኑ ጠዋት ያንን መሣሪያ በአርባ ጣት ላይ ለምታደርገው ሴት አልተነገራትም። ሃያ ሦስት ዓመት የወሰደቻቸው ሥልጠናዎች ትዝ አሏት። ስለ ሰውነት አነሳስ፣ ስለ እጅ አስተጣጠብ፣ ስለ እሳት አደጋ። ስለ መለኪያዋ ግን አንድ ቀን፣ አንድ መስመር እንኳ የለም። ከዚያ እማማ ጸሐይወርቅ መጡባት፤ ዘጠና አምስት የተጻፈበት ቻርትም፤ የጻፈው እጅም የራሷ ነበር።

«ያን ጽሑፍ አንድ ኮፒ አድርጊልኝ» አለቻት ሀፍሳን። «በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን።»

ያን ዕለት ቤቷ ገብታ የዩኒየኑን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣችና ተወካዩ ዘንድ ደወለች። «አልፈርምም» አለችው። «ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰው አሉኝ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሉም።»

ቅዳሜ ዕለት ዌስተን ሄደች። ገረመው እዚያ የባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ አፓርትመንት ይኖራል። አምሳዎቹን የተሻገረ፣ ኤሌክትሪሽያን የሆነ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እናቱ ከሞቱ በኋላ ተናኘን ያገኛት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ እጅ ነስቶ አመስግኗታል። ያ ምስጋና ነበር ከምንም በላይ የሚከብዳት። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጀመረችለት። ድዳቸውን እንዳየች፣ ደስ እንዳላላት፣ አንድ ጊዜ ተናግራ እንደተወች ነገረችው። የሚስተር ሊዮንም ነገር ጨምራ የሀፍሳን ወረቀት ዘረጋችለት።

ገረመው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። ተነስቶ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ከታች ባቡር አለፈ።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መሣሪያው እንደሚዋሽ አላወቅኩም ነበር» አለች። ከዚያ ደግሞ ይህ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ተሰማት። «ቢሆንም ያየሁትን አይቼ ነበር። አንድ ጊዜ ተናገርኩ። ሁለተኛ አልተናገርኩም።»

ተናኘ ሂጂ እስኪላት ጠበቀች። ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰውየውን ግን አተረፍሽ።»

«አተረፍኩ። ግን የሚቀጥለውስ? እኔ ዕረፍት በሆንኩበት ቀን ቢሆንስ? ስብሰባ አለ፤ የቤተሰቦች። የእማማን ነገር ላነሳ እፈልጋለሁ። አንተ አታንሺ ካልክ ግን አላነሳም።»

«ስማቸውን ጥሪ» አላት ገረመው። «ሙሉ ስማቸውን። እኔም እመጣለሁ።»

ወደ ሥራ ስትመለስ ሳሙኤል ዓይን ዓይኗን ማየት አቃተው። አንድ ሳምንት ሙሉ በወረቀት ብቻ ተነጋገሩ። በመጨረሻ እሷ ራሷ የሠራተኛ ምሳ ክፍል ድረስ ሄዳ ጽሑፉን ፊቱ አስቀመጠችለት። ምግቡን ትቶ አነበበ። ከዚያ ከኪሱ መለኪያውን አወጣና የራሱ ጣት ላይ አደረገ። ዘጠና ስምንት።

«አሁን ይህን ልመን?» አላት፤ ሳቅ ነበር ግን ሳቅ አይደለም። «አንቲ፣ እኔ ስድስት ዓመት ነው የተማርኩት። አንድ አስተማሪ አልነገረኝም። በራሴ ቆዳ ላይ የሚሳሳት መሣሪያ ይዤ ነው የምዞረው።»

«እኔም እንዳንተው ነኝ» አለችው። «አሁን ግን አውቀናል። ካወቅን በኋላ ዝም ካልን ጥፋቱ የመሣሪያው መሆኑ ይቀራል።»

ሳሙኤል ያንን ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲያስገባ አየችው።

የቤተሰቦች ስብሰባ በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በመመገቢያው አዳራሽ ይደረጋል። ሠራተኛ አይናገርበትም፤ ኢቮን ግን በእንግድነት አስመዘገበቻት። ተናኘ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ገባች። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ገረመው ከኋላ፣ ሚስተር ሊዮ በተሽከርካሪ ወንበር ከፊት፤ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አለ። ማኔጀሯ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ተቀምጣለች።

ተናኘ ንግግሯን በእንግሊዝኛ ጽፋ ይዛ ነበር። ስትቆም ግን ፊደሉ ተደበላለቀባት፤ ወረቀቱን አጠፈችውና በቃሏ ተናገረች። «ጸሐይወርቅ አበራ የሚባሉ ሴት እዚህ ፎቅ ላይ ሞተዋል። ዘጠና አምስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች። ያየችውን፣ የተነገራትን፣ ያልተነገራትን አንድ በአንድ ተናገረች። በዚህ ቤት ከሚኖሩት መቶ ሃያ ሰዎች ከግማሽ የማያንሱት ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው እንደሆኑ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ግን ለሁሉም አንድ ቁጥር እንደሚል ተናገረች።

ከመሀል አንድ ሰው እጁን አነሳ። እናቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ነጭ ሰውዬ ነው፤ ትሑት ሰው። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ማሽን እኮ ነው። ይህ የዘር ጉዳይ ነው ማለትሽ ነው?»

«ማሽኑ ማንንም አይጠላም» አለች ተናኘ። «እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሲሠሩት የማን ጣት ላይ ሞከሩት? ስህተቱ ከታወቀ በኋላስ ለማን ነገሩ፣ ለማን ሳይነግሩ ቀሩ? መልሱን እርስዎ ራስዎ ስም ይስጡት።»

ማኔጀሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። መሣሪያው የተፈቀደ መሆኑን፣ መመሪያው ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ መሆኑን፣ የተነሳውን ሐሳብ እንደምታስተላልፍ ተናገረች። ስብሰባው በዚያው ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ ምግብ ዝርዝሩ፣ ሊያልፍ ሲል ሚስተር ሊዮ እጃቸውን የወንበራቸው ክንድ ላይ መቱ።

«ቆይ!» አሉ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ባይሆንም አዳራሹን ሞላው። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ቀብቻለሁ። አንድ ጊዜ ፋብሪካው ቀለም የሚለካ ማሽን አመጣ። ነጩን መኪና ልክ ያነባል፣ ብርማውን ልክ ያነባል። ጥቁሩ ላይ ስናደርገው ይቀባጥራል። ለአለቃው ነገርነው። ምን ያህል ጊዜ የወሰደባቸው ይመስላችኋል? አንድ ሳምንት! በሳምንቱ ሌላ ማሽን ገዙ። የጥቁር መኪና ቀለም እንዳይበላሽ።» ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም አሉ። «እኔ ከመኪና አላንስም» አሉ።

ከበሩ አጠገብ ሳሙኤል ቆሞ ነበር። ሥራ ላይ ስለነበር ለደቂቃ ብሎ ነው የገባው። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

«ያን ቀን ተረኛው ነርስ እኔ ነበርኩ» አለ። «ሦስት ጊዜ መጥታ ነግራኛለች። ቻርቱ ላይ ‹ደህና ናቸው› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ባትደውል ኖሮ ሚስተር ሊዮ ዛሬ እዚህ አይቀመጡም። ደብዳቤ የሚገባው ሰው ካለ እሷ አይደለችም።»

ማኔጀሯ ብዕሯን አስቀመጠች። በኋላ ተናኘ ስታስታውሰው፣ የዚያች ሴት ፊት ላይ ያየችው ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር፣ ከድካሙ ሥርም እፍረት የመሰለ ነገር። የዚያን ቀን ምንም ቃል አልገባችም።

ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። አሁን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የማንኛውም ታማሚ ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል፤ ድድና ምላስ ይታያል፤ መለኪያዋ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከፍ አድርጋ ልታነብ እንደምትችል በደማቁ ተጽፏል። ከታች ደግሞ ተናኘ ስታነበው ሁለቴ ያነበበችው አንድ መስመር አለ። ፒኤስደብሊው «ደስ አላለኝም» ብሎ ሁለት ጊዜ ከተናገረ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ነርሱ ለዶክተር መደወል አለበት።

ሁሉም ነገር ግን አልተቃናም። ሳሙኤል እውነቱን በመናገሩ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆስፒታል ሥራ አግኝቶ ሄደ። የተናኘን ደብዳቤ ዩኒየኑ ተከራክሮ ከስምንት ወር በኋላ ከፋይሏ አስወጣው፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። እሷም አልጠበቀችም። ሚስተር ሊዮ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖረው በልብ ሕመም አረፉ፤ ኢቮን እጃቸውን ይዛ ነበር። ገረመው ለቀብሩ መጥቶ ከኋላ ቆሞ አየችው። ሚስተር ሊዮ በሕይወት ሳሉ ሁለቱ የተነጋገሩት ምናልባት አሥር ቃል አይሞላም።

የስብሰባው ወሬ ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ፤ ፒኤስደብሊዎች ሁለትና ሦስት ቦታ ስለሚሠሩ ወሬያቸው ከአውቶቡስ ይፈጥናል። አንድ ቀን ጄን ኤንድ ፊንች አካባቢ ካለ ሌላ መጦሪያ ቤት አንዲት የማታውቃት ሴት ደወለችላት። «እኛም ጋ ንገሪን» አለቻት። ተናኘ ከስካርቦሮ ተነስታ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር ይዛ ቅዳሜ ሄደች። ሀፍሳንም አስከትላ ነበር። ሀፍሳ ስለ ብርሃኑና ስለ ጥናቱ ተናገረች፤ ተናኘ ደግሞ ስለ ድድ። አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ፤ ከጋና፣ ከፊሊፒንስ፣ ከሶማሊያ፣ ከጉያና። ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀመጡና አንዷ የሌላዋን ደረት እያየች ትንፋሽ ቆጠሩ። መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ በኋላ ሳቁ ቆመ። አንዷ ወጣት እጇን አነሳች።

«እኛ ብንናገር ማን ይሰማናል?»

«አንድ ጊዜ ብትናገሪ ላይሰሙሽ ይችላሉ» አለቻት ተናኘ። «እኔም አንድ ጊዜ ተናግሬ ተውኩ፤ ሰው ሞተ። ሁለተኛውን ተናገሪ። ሦስተኛውንም። የተናገርሽበትን ሰዓት ጻፊው። ወረቀቱ እኛን ካልጠበቀን እኛ ራሳችን ወረቀት እንሁን።»

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ቦታ ትሄዳለች። ጡረታ የምትወጣበት ቀን ደርሶ አለፈ። ማኔጀሯ ብትጠይቃት «ያልጨረስኩት ጉዳይ አለኝ» አለቻት።

ያልጨረሰችው ጉዳይ መሣሪያዎቹ ናቸው። በሁሉም ቆዳ ላይ በደንብ የተሞከሩ አዳዲስ መለኪያዎች ይገዙ የሚለው ጥያቄ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ «በጥናት ላይ ነው» ተብሎ ተቀምጧል። ተናኘ አሁን በቤተሰቦቹ ምርጫ የስብሰባው ቋሚ ተጋባዥ ናት። ባለፈው ሐሙስ ማኔጀሯ አጀንዳውን ማንበብ ጀመረች። የማሞቂያው ጥገና፣ የበጋው ሽርሽር፤ ከዚያ ተናኘ እጇን ሳታነሳ በፊት ራሷ ቀና ብላ አየቻት።

«ሦስተኛ፤ የኦክስጅን መለኪያ» አለች። «አሁንም መልስ አልመጣም። ይህ አሥራ ስድስተኛ ጊዜሽ ነው፣ ተናኘ።»

«አሥራ ሰባተኛ» አለች ተናኘ። «የታኅሣሡን ዘለልሽው።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ማኔጀሯም ሳቀች፤ ተናኘ ግን አልሳቀችም። ደብተሯን ከፈተችና ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተሰጣትን መልስ ጻፈች።